ሔርማን ግራስማን፦ በተማረበት ትምህርት ቤት የኖረ መምህር

በሒሳብ ትምህርት ክፍል ሊኒየር አልጀብራ የሚማር ተማሪ ቬክተርን፣ መስመራዊ ጥገኝነትን፣ ዳይሜንሽንን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይተዋወቃል። በሥነ ልሳን ክፍል ታሪካዊ ሥነ ድምፅ የሚማረው ባልደረባው ደግሞ የግራስማን ሕግ የሚባል ነገር ያጋጥመዋል። በፊዚክስ በኩል የቀለም ልኬትን የሚያጠና ሌላ ተማሪም የግራስማን ሕጎች ተብለው የሚጠሩ መሠረቶችን ያገኛል። ሦስቱ ተማሪዎች በአንድ ግቢ ውስጥ ሲኖሩ፣ ስለ አንድና ስለዚያው ሰው እየተማሩ መሆናቸውን የሚነግራቸው እምብዛም የለም። ይህ ሰው አንድም ቀን በዩኒቨርሲቲ አላስተማረም። የሥራ ዘመኑን የፈጸመው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርነት ሲሆን፣ የመጨረሻዎቹን 25 ዓመታት ያገለገለው ደግሞ በልጅነቱ በተማረበት በሽቴቲን ጂምናዚየም ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ የሕይወቱን ታሪክ እናወሳለን፤ ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ሔርማን ጉንተር ግራስማን በሚያዝያ ወር 1809 በሽቴቲን ከተማ ተወለደ። ሽቴቲን በኦደር ወንዝ ላይ የምትገኝ የፕሩስያ የፖመራንያ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ነበረች፤ ዛሬ ሽቼቺን ተብላ የፖላንድ ግዛት ሆናለች። ጂምናዚየም ሲባል የስፖርት አዳራሽ የሚታወሰው አንባቢ ካለ፣ በጀርመኖች ዘንድ ቃሉ ተማሪን ለዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጅ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ማለት መሆኑን ልብ ይሏል። አባቱ ዩስቱስ ግራስማን በዚሁ ጂምናዚየም ሒሳብና ፊዚክስ ያስተምር ነበር፤ ለተማሪዎቹም የሒሳብ መጻሕፍት ያዘጋጅ፣ በክሪስታሎች ቅርጽ ላይም ይመራመር ነበር። ልጁ ግን በሕፃንነቱ ዝንጉና ሐሳበ ብዙ ስለ ነበር፣ አባትየው ከትምህርት ይልቅ አትክልተኛ ወይም የእጅ ሙያተኛ ቢሆንለት እንደማይከፋው እስከ መናገር ደርሶ ነበር። ልጁ ቆይቶ ነቃ፤ በ18 ዓመቱ ጂምናዚየሙን ሲጨርስ ከመላው ክፍል ሁለተኛ ሆኖ ወጣ።

በ1827 ወደ በርሊን ዩኒቨርሲቲ ሄዶ ለሦስት ዓመታት ነገረ መለኮትና የጥንት ቋንቋዎችን አጠና። የሒሳብ ትምህርት በዩኒቨርሲቲ አልተከታተለም። ከመምህራኑ ሁሉ ጎልቶ የነካው ፍሪድሪኽ ሽላየርማኸር ነው፤ ግራስማን ከዚህ ሊቅ የወሰድሁት ብሎ የሚያምነው የትምህርቱን ይዘት ሳይሆን አንድን ነገር ከሥሩ ጀምሮ በተቃራኒ ጽንሰ ሐሳቦች እየፈተኑ የመመርመርን ስልት ነው። ይህ ልማድ ኋላ በሒሳብ መጽሐፉ ውስጥ ገብቶ ብዙ ጉዳት አድርሶበታል፤ እንመለስበታለን። በ1830 ወደ ሽቴቲን ተመለሰ፤ የመምህርነት ፈተና ወስዶም በ1832 በተማረበት ጂምናዚየም ረዳት መምህር ሆነ። በ1834 ታዋቂው የጂኦሜትሪ ሊቅ ያኮብ ሽታይነር ከበርሊን የሙያ ትምህርት ቤት ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲዛወር ቦታውን ለመተካት ወደ በርሊን ሄደ፤ ነገር ግን ከዓመት ጥቂት ብቻ አልፎ በ1836 መጀመሪያ ወደ ትውልድ ከተማው ተመለሰና በሌላ ትምህርት ቤት ማስተማሩን ቀጠለ። ከዚህ በኋላ ከሽቴቲን ለቆ አልኖረም።

ታላቁ ሐሳብ የመጣለት በ1832 ገደማ፣ ገና ረዳት መምህር ሳለ ነው። መነሻው ሲታይ ለልጅ የሚነገር ይመስላል። በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ ሀ፣ ለ እና ሐ የተባሉ ሦስት ነጥቦች ቢኖሩ፣ ከሀ እስከ ለ ያለው ርቀት ከለ እስከ ሐ ካለው ጋር ሲደመር ከሀ እስከ ሐ ያለውን ይሰጣል፤ ይህ ግን ለ በመካከል ካልሆነች አይሠራም። ግራስማን አቅጣጫን ከርዝመት ጋር አንድ ላይ ቢቆጥር፣ ማለትም ከለ ወደ ሀ መሄድን ከሀ ወደ ለ የመሄድ አሉታ ቢያደርገው፣ ደንቡ ነጥቦቹ የትም ቢሆኑ እንደሚጸና አስተዋለ። ቀጥሎም ነጥቦቹ ከአንድ መስመር ላይ ቢወጡስ ብሎ ጠየቀ፤ ደንቡን እዚያም አጸናው። በዚህ መንገድ ዛሬ የቬክተር ድምር የምንለውን አገኘ።

ከአባቱ መጻሕፍት ያገኘው ሌላ ሐሳብም ነበር። ዩስቱስ አራት ማዕዘን የርዝመትና የወርድ እውነተኛ ብዜት እንደሆነ ጽፎ ነበር። ልጁ ይህን ወስዶ በሁለት ባለ አቅጣጫ መስመሮች መካከል ባለው ትይዩ ጎን ቅርጽ ላይ ተጠቀመበት። የቅርጹ ስፋት እንደ አቅጣጫው አዎንታዊ ወይም አሉታዊ ሊሆን ነው። ስለዚህ ሀን በለ ማባዛት ለን በሀ ከማባዛት ጋር አይስማማም፤ ምልክቱ ይገለበጣል። 3 ጊዜ 5 እና 5 ጊዜ 3 አንድ መሆናቸውን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ለለመደ ሰው ይህ አስደንጋጭ ነው፤ ግራስማን ራሱም በመጀመሪያ ተደናግጦ ነበር። አልተወውም። እንዲህ ያለው ብዜት ሕጉን ጠብቆ እስከ ፈለገበት ልኬት ድረስ እንደሚዘልቅ ተመለከተ፤ ሦስት ልኬቶች ላይ የሚቆም ምክንያት አልነበረውም።

ይህን ሐሳብ የሚያዳብርበት ጊዜ ያገኘው ደግሞ ለፈተና ሲዘጋጅ ነው። በከፍተኛ ክፍሎች ሒሳብ ለማስተማር የሚያስፈልገውን ፈተና በ1840 ሲወስድ ስለ ባሕር ሞገድ መውጣትና መውረድ እንዲጽፍ ተሰጠው። ያቀረበው ጽሑፍ ወደ 200 ገጽ የሚጠጋ ሲሆን፣ የላግራንዥንና የላፕላስን ረጃጅም ስሌቶች በራሱ አዲስ ስልት አሳጥሮ የሠራበት ነበር። ፈታኞቹ አሳለፉት። በእጃቸው የያዙት ገና ስም ያልወጣለት የሒሳብ ዘርፍ የመጀመሪያ ሰነድ መሆኑን ግን የተረዳ አልነበረም፤ ጽሑፉም በሕይወት ሳለ አልታተመም።

በ1844 የመጀመሪያውን ታላቅ መጽሐፉን በላይፕሲክ በኦቶ ቪጋንድ ዘንድ አሳተመ። ርዕሱ አውስዴኑንግስሌሬ ይባላል፤ የዝርጋታ ትምህርት ብንለው ያስኬዳል። በዚህ መጽሐፍ የቬክተር ጠፈር፣ ንዑስ ጠፈር፣ መስመራዊ ጥገኝነትና ልኬት የሚሉ ጽንሰ ሐሳቦች በሥርዓት ተዘርግተዋል። መጽሐፉን ለታላላቆቹ ላከ። ካርል ፍሪድሪኽ ጋውስ እርሱ ራሱ ከግማሽ ምዕት ዓመት በፊት ወደ ተመሳሳይ አሳብ መቃረቡን ገልጾ፣ ለማንበብ ጊዜ እንደሚያጣ በትሕትና መለሰለት። የላይፕሲኩ አውግስት ሜቢዩስ ግምገማ እንዲጽፍ ተጠይቆ አልተስማማም፤ የፍልስፍናው መግቢያ አላላውስ ብሎት ነበር። ያነበበውም የገዛውም ጥቂት ነው።

የአንባቢዎቹን ቸልተኝነት ብቻ ተጠያቂ ማድረግ ተገቢ አይመስለንም። መጽሐፉ በእርግጥ አስቸጋሪ ነው። ግራስማን ከምሳሌ ሳይሆን ከጽንሰ ሐሳቦች ክፍፍል ይጀምራል፤ ከሽላየርማኸር የተማረውን ስልት ለሒሳብ ሊቃውንት ያለ ማስጠንቀቂያ ያቀርባል፤ አዳዲስ ቃላትንም እየፈጠረ ይሄዳል። በየቀኑ የሚያነጋግረው የሒሳብ ባልደረባ ቢኖረው ኖሮ ይህን ባስተካከለለት ነበር። በሽቴቲን የነበረው አማካሪ ወንድሙ ሮበርት ብቻ ነው፤ እርሱም እንደ ወንድሙ ለፍልስፍና ያደላ ነበር። የዩኒቨርሲቲ መንበር ማጣቱ የጎዳው በደመወዝ ወይም በክብር ሳይሆን በዚህ ነው።

ሜቢዩስ ግን መጽሐፉን ባይገመግምም ለጸሐፊው አንድ ውለታ ዋለለት። በላይፕሲክ የሚገኘው የያብሎኖቭስኪ ማኅበር ላይብኒትዝ የወጠነውን የጂኦሜትሪ የምልክት ቋንቋ ለሚያዳብር ሽልማት ማዘጋጀቱን አሳወቀው። የላይብኒትዝ የተወለደበት 200ኛ ዓመት በሚከበርበት በ1846 ሽልማቱ ለግራስማን ተሰጠ። ተወዳዳሪው እርሱ ብቻ ነበር። በዚህ ተበረታትቶ በ1847 ለፕሩስያ የትምህርት ሚኒስትር አመለከተ፤ ለዩኒቨርሲቲ መምህርነት እንዲታሰብ ጠየቀ። ሚኒስቴሩ በብሬስላው የሚያስተምረውን ኤርንስት ኩመርን አማከረ። የኩመር አስተያየት አጭር ነበር፤ በተሸለመው ሥራ መልካም ይዘት ቢኖርም አቀራረቡ ጉድለት እንዳለበት አመለከተ። በዚያ አስተያየት የግራስማን ጉዳይ ተዘጋ። ኩመር በቁጥር ጥናት ዘመኑን ያስናቀ ሊቅ ስለ ነበረ፣ ክፉ አድራጊ አድርጎ ማየት አይገባም፤ ስለ አቀራረቡ የተናገረውም ሐሰት አይደለም። ሆኖም በአቀራረቡ ሚዛን ይዘቱን ጥሎታል።

በ1848 አብዮት ሲነሣ ሁለቱ ወንድማማቾች ሕገ መንግሥታዊ ንጉሣዊ አገዛዝን የሚደግፍ የፖለቲካ ጋዜጣ አቋቋሙ፤ ግራስማን ከዚህ ሥራ ብዙም ሳይቆይ ራሱን አገለለ። በ1849 አገባ። ከትዳሩ 11 ልጆች ተወለዱ፤ ለአካለ መጠን የደረሱት ሰባቱ ናቸው። በ1852 አባቱ ዩስቱስ ሞተ። በጂምናዚየሙ የተፈታውን የአባቱን ቦታ ልጁ ወረሰ፤ በዚያ ዘመን ለጂምናዚየም ነባር መምህራን ይሰጥ የነበረውን የፕሮፌሰር ማዕረግም አብሮ አገኘ። ዩኒቨርሲቲ የነፈገውን ስም ትምህርት ቤቱ ሰጠው ማለት ነው። በልጅነቱ አባቱን እያዳመጠ በተማረበት ቤት፣ አባቱ ይቆምበት በነበረው ሰሌዳ ፊት ቆሞ እስከ ሞተበት ዓመት አስተማረ።

ያስተማረው ሒሳብ ብቻ አልነበረም። በሥራ ዘመኑ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ የማዕድናት ጥናት፣ ጀርመንኛ፣ ላቲንና ሃይማኖት አስተምሯል፤ ለጀርመንኛና ለላቲን ማስተማሪያ መጻሕፍትም አዘጋጅቷል። ከማስተማሪያ መጻሕፍቱ ሁሉ ግን ለሳይንስ ታሪክ የተረፈው በ1861 ለከፍተኛ ትምህርት ቤቶች ያዘጋጀው የአሪትሜቲክ መጽሐፍ ነው። ይህን መጽሐፍ ጠጋ ብሎ ማየት ይገባል።

መምህር ሁሉ የሚያውቀው አንድ ጥያቄ አለ። ብልህ ተማሪ እጁን አንሥቶ 2 ሲደመር 3 ከ3 ሲደመር 2 ጋር እኩል የሆነው ለምንድን ነው ይላል። ልማዳዊው መልስ ጣት ቆጥሮ ማሳየት ነው። ጣት መቁጠር ግን ለ2 እና ለ3 እንጂ ለቁጥሮች ሁሉ አያረጋግጥም። ግራስማን ከአንድ ቁጥር ወደ ተከታዩ መሄድን ብቻ መነሻ አድርጎ ድምርን በአንዲት ደንብ ተረጐመው፦ ሀ + (ለ + 1) = (ሀ + ለ) + 1። በዚህች ደንብ 2 + 2 ለምን 4 እንደሚሆን ማሳየት ይቻላል። 2 ማለት 1 + 1 ስለ ሆነ፣ 2 + 2 ማለት 2 + (1 + 1) ነው፤ ይህም በደንቡ (2 + 1) + 1 ይሆናል፤ 2 + 1 ደግሞ 3 ነው፤ ከ3 ተከታዩ 4 ነው። ማባዛትንም እንደዚሁ ተረጐመ። ከዚያ አንድ እውነት ለ1 ጸንቶ፣ ለአንድ ቁጥር ሲጸና ለተከታዩም የሚጸና ከሆነ ለሁሉም ይጸናል በሚለው የማስረጃ ስልት የመደመርንና የማባዛትን ሕጎች አንድ በአንድ አረጋገጠ።

ሪቻርድ ዴዴኪንድ በ1888፣ ጁዜፔ ፔያኖ በ1889 የቁጥርን መሠረት ሲያቆሙ የሄዱት በዚሁ መንገድ ነው፤ ፔያኖም የግራስማንን መጽሐፍ መጠቀሙን ገልጿል። ዛሬ የፔያኖ አክሲየሞች ተብለው በየዩኒቨርሲቲው ከሚሰጡት ነገሮች ቁም ነገሩ አስቀድሞ የተጻፈው ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በተዘጋጀ መጽሐፍ ውስጥ ነው። ግራስማንን በትምህርት ቤት ታስሮ የባከነ ሊቅ አድርገው የሚጽፉ ሰዎች ይህን መጽሐፍ የሚያልፉት ይመስለናል። ከመማሪያ ክፍል ባይወጣ ኖሮ እንዲህ ያለ ጥያቄ በየዓመቱ እየተመለሰ ባልጠየቀው ነበር።

በ1862 የዝርጋታን ትምህርት እንደገና ጽፎ አወጣ። የመጀመሪያው የተነቀፈው በፍልስፍናው ስለ ሆነ፣ አሁን ፍልስፍናውን ሁሉ አስወግዶ በኤውክሊድ ሥርዓት ትርጓሜና ማስረጃ ብቻ አሰለፈ። በወንድሙ በሮበርት ማተሚያ ቤት በራሱ ወጪ 300 ቅጂ አሳተመ። ከፊተኛው የተሻለ ዕድል አልገጠመውም። ፊተኛው ከበደ ያሉት ደኅና መግቢያ ስለ ሌለው ሁለተኛውን ደረቅ ብለው ተዉት። በ1864 ገደማ ደግሞ የላይፕሲኩ አሳታሚ የ1844ቱ መጽሐፍ ባለመሸጡ የቀሩትን ወደ 600 ቅጂዎች ወረቀታቸው ለሌላ አገልግሎት እንዲውል አጠፋቸው።

ግራስማን ከሒሳብ ፊቱን ማዞር የጀመረው በዚህ ጊዜ ነው፤ ፈጽሞ ባይተወውም። አስቀድሞ በ1853 ስለ ቀለማት መቀላቀል አንድ ጽሑፍ አውጥቶ ነበር። ሔርማን ሔልምሆልትዝ በቀዳሚው ዓመት ላሳተመው ጥናት የተሰጠ መልስ ሲሆን፣ ማንኛውም ቀለም በሦስት መጠኖች ሊገለጽ እንደሚችልና ቀለማት ሲቀላቀሉ እንደ ቬክተር እንደሚደመሩ አሳይቷል። በ1931 ዓለም አቀፉ የቀለም ልኬት ሥርዓት የተዘረጋው በዚህ መሠረት ላይ ነው። ከቀለሙ ጽሑፍ ይልቅ ግን ዕድሜውን የወሰደው የቋንቋ ጥናት ነው።

ሳንስክሪትን ያጠናው በጎልማሳነቱ፣ ከክፍል በሚተርፈው ጊዜ ነበር። በ1863 ባሳተመው ጽሑፍ የንጽጽር ሥነ ልሳን ሊቃውንትን ያስቸገረ አንድ እንቆቅልሽ ፈታ። በያኮብ ግሪም የድምፅ ለውጥ ሕግ መሠረት የሳንስክሪት ብ በጀርመናውያን ቋንቋዎች ፕ መሆን ነበረበት። ማሰር የሚል ፍቺ ያለው የሳንስክሪት ሥር ግን በብ ሲጀምር፣ የጎቲክ አቻውም ቢንዳን ተብሎ በብ ይጀምራል። ሕጉ የተጣሰ ይመስላል። ግራስማን ጥፋቱ ከጀርመናውያን ቋንቋዎች ሳይሆን ከሳንስክሪት መሆኑን አሳየ። በጥንታዊው ቋንቋ ሥሩ በእስትንፋስ የሚታጀቡ ሁለት ድምፆች ነበሩት፤ በሳንስክሪትና በግሪክ እንዲህ ያሉ ሁለት ድምፆች በተከታታይ ሲመጡ የፊተኛው እስትንፋሱን ይጥላል። በግሪክም ፀጉር የሚለው ቃል በአንዱ ሙያው በእስትንፋሳማ ት ጀምሮ፣ በሌላው ሙያው ተራ ት የሚሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። ሳንስክሪት ከሁሉ የጠራችው ጥንታዊት እናት ናት የሚለው ግምት በዚህ ተናጋ።

ለእኛ ተማሪዎች አንድ ቅርብ ምሳሌ እዚህ ላይ ማንሣት ይቻላል። በሴማውያን ቋንቋዎችም ተመሳሳይ ነገር ይታያል፤ አካድኛ በአንድ ሥር ውስጥ እንደ ቀ እና ጠ ያሉ ሁለት ጠንካራ ድምፆችን አብሮ አይታገሥም፤ አንዱን ያላላል። በግእዝ ቀጢን፣ በአማርኛ ቀጭን የምንለው ቃል በአካድኛ ቀትኑ የሆነው ስለዚህ ነው። ይህኛው ሕግ የተሰየመው በሌላ ሊቅ ስም ሲሆን፣ ዝርዝሩም ከግራስማን ሕግ ይለያል፤ ጆሮ ተመሳሳይ ድካምን በአንድ ቃል ሁለት ጊዜ መሸከም አለመውደዱ ግን አንድ ነው።

ቀጥሎ የመጣው የሪግ ቬዳ መዝገበ ቃላት ነው። ሪግ ቬዳ 1,028 መዝሙራትን የያዘ የሕንድ ጥንታዊ ቅዱስ መጽሐፍ ነው። ግራስማን ከ1873 እስከ 1875 በወጣው መዝገበ ቃላቱ የመጽሐፉን ቃላት ከሚገኙበት ስፍራና ከሰዋስዋዊ ቅርጻቸው ጋር ዘረዘረ፤ በ1876 እና በ1877 ደግሞ መዝሙራቱን በጀርመንኛ ተርጉሞ በሁለት ክፍል አወጣ። ትርጉሙ በሌሎች ተተክቷል። መዝገበ ቃላቱ ግን እስከ ዛሬ በቬዳ ተመራማሪዎች እጅ አለ። እነዚህን ሥራዎች ያለ ምርምር ፈቃድ፣ ያለ ረዳት፣ የተማሪዎችን ደብተር እያረመ የሠራቸው መሆኑን ስናስብ መገረማችን አይቀርም። በመካከሉም የፖመራንያን የሕዝብ ዘፈኖች ሰብስቧል፤ ስለ ዕፅዋት የጀርመንኛ ስሞች በ1870 መጽሐፍ አውጥቷል፤ ለቻይና ወንጌል የሚያደርስ ማኅበርንም አገልግሏል።

በ1876 የቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጠው፤ የሰጠውም በቋንቋ ጥናቱ ነው። የሒሳብ ሥራው እየታወቀ የመጣው በዘገየ እርምጃ ነው። አየርላንዳዊው ዊልያም ሃሚልተን በ1850ዎቹ መጀመሪያ አንብቦ አድንቆት ነበር፤ በጀርመን ግን ሔርማን ሃንከል በ1867 ባወጣው መጽሐፍ እስኪያነሣው ድረስ የሚያስታውሰው አልነበረም። ከዚያ አልፍሬድ ክሌብሽ፣ በእርሱም በኩል ወጣቱ ፌሊክስ ክላይን ትኩረት ሰጡት። በሽቴቲን ጂምናዚየም ለጥቂት ጊዜ አብሮት ያስተማረው ቪክቶር ሽሌገልም በ1872 ሐሳቡን የሚያብራራ መጽሐፍ ማሳተም ጀመረ፤ ኋላም የመጀመሪያውን የሕይወት ታሪኩን ጻፈ። በእንግሊዝ ዊልያም ክሊፎርድ፣ በጣልያን ፔያኖ፣ በፈረንሳይ ኤሊ ካርታን የተከሉት ሁሉ ከዚህ ሥር የበቀለ ነው።

ግራስማን በዚህ ዘግይቶ በመጣ ትኩረት ተነቃቅቶ በሕይወቱ የመጨረሻ ዓመታት ወደ ሒሳብ ተመለሰ። በልብ ሕመም ተዳክሞ ሳለም በ1877 ብቻ በርካታ የሒሳብ ጽሑፎች አወጣ። መስከረም 26 ቀን 1877 በ68 ዓመቱ፣ ገና በመምህርነት ሥራው ላይ ሳለ በሽቴቲን ዐረፈ። ከልጆቹ አንዱ ሔርማን ኤርንስት ቆይቶ በጊሰን ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ፕሮፌሰር ሆነ። ከ1894 እስከ 1911 በፍሪድሪኽ ኤንግል አዘጋጅነት የአባቱ የሒሳብና የፊዚክስ ሥራዎች ተሰብስበው ሲታተሙም፣ ያ 1840 ለፈተና የጻፈው የባሕር ሞገድ ጽሑፍ አብሮ ወጣ። ቅጂዎቹ የጠፉበት የ1844ቱ መጽሐፍ ደግሞ ከሞቱ በኋላ በ1878 እንደገና ታተመ፤ አሳታሚው ያው የላይፕሲኩ ኦቶ ቪጋንድ ነበር፤ መቅድሙንም ግራስማን ከመሞቱ በፊት በራሱ እጅ ጽፎ ጨርሶት ነበር።